መዳብ ላይ ለምትጽፊው ልጄ

የእህቴ ልጅ፣ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ስትመረቂ ብየዳውን ትተሽ የጌጥ ቅርጽ ልትማሪ እንዳሰብሽ፣ ባቱ ላይም ትንሽ ሱቅ መክፈት እንደምትፈልጊ እናትሽ ነግራኛለች። በቴሌግራም የላክሽውን ፎቶም አየሁት፤ የድሮ የካይሮ የነሐስ ሳህን ነው፣ ዙሪያውን ሐረግ፣ መሐሉን ጽሑፍ የከበበው። «አጎቴ፣ እንዲህ ያለውን እዚሁ ሆኜ መሥራት እችላለሁ ወይ?» ብለሻል። ትችያለሽ። ግን ሥራው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚጠይቅ ሳታውቂ ከገባሽበት፣ ብዙም ሳይቆይ ለላንጋኖ መንገደኛ «ጥንታዊ» እያልሽ ትናንት የተሠራ ነገር ስትሸጪ ነው የማገኝሽ። እኔ ሙያውን ሐረር ተምሬ፣ አዳማ ላይ እንጀራዬን በልቼበት፣ ዓይኔ ሲደክም ነው አዳሚ ቱሉ የገባሁት። የማውቀውን በቁጥር አስጽፌልሻለሁ። ቁጥሩ እንዳይጠፋብሽ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ይመዝናል ማለቴ አይደለም።

፩. ለጊዜው ብር አትንኪ

ወርቁንማ ጨርሶ እርሺው። አዳማ ሄደሽ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ላሜራ ግዢ። ቁራሌው ጋ መዳብ በርካሽ ይገኛል፤ ግን ከመብራት መስመር ላይ ተቆርጦ የመጣ እንዳይሆን አጥብቀሽ ጠይቂ። በተሰረቀ መዳብ ላይ ቢስሚላህ አይባልም።

ላሜራውን ቀይ እስኪሆን አግለሽ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ኮሌጅ የተማርሽው የብረት ጠባይ እዚህ አይሠራም፤ የሞረድ ብረት ግሎ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ይለሰልሳል። ከዚያ ሬንጅ፣ የተፈጨ ጡብና ትንሽ ሞራ አንድ ላይ አቅልጠሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አፍስሺና ሳይቀዘቅዝ ላሜራውን ለጥፊበት። ሬንጁ ከሥር ይይዘዋል፣ መዶሻ ሲያርፍበትም እሺ ይላል። የእኛ ቆላ ሲሞቅ ሬንጁ ስለሚላላ ጡቡን ጨመር አድርጊ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ በማለዳ ሥሪ።

መቅረጫውን ከሱቅ አትፈልጊ። ያረጀ ሞረድ ይበቃሻል። ጫፉን በግራይንደር 45 ዲግሪ አካባቢ አጋድለሽ ሳዪው፤ ስትስዪ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ አስገቢው፤ ጫፉ ሰማያዊ ካለ ጥንካሬው ሄዷልና ያን ያህሉን ቆርጠሽ ጣዪ። መጨረሻ ላይ በዘይት ድንጋይ አለስልሺው። መሳሉን የምታውቂው አውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ቀስ ብለሽ ስታስቀምጪው ነው፤ ያዝ ካደረገ ስሏል፣ ከተንሸራተተ ገና ነው።

አሁን መስመር ቁረጪ። ቀጥ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጥልቀቱ የማይለዋወጥ። ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ላሜራው ሲሞላ ገልብጪውና ጀርባውን ያዢ። ሐረጉ፣ ኮከቡ፣ ቅጠሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክብ ስትጀምሪ ደግሞ እጅሽን አታዙሪ፤ መዳቡን ነው የምታዞሪው። የግራ እጅ ሳህኑን እያሽከረከረ ወደ መቅረጫው ያመጣዋል፣ የቀኝ እጅ ባለበት ይገፋል። ይህ ያልገባው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ክቡ ይሰበርበታል።

ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለም ከአሁኑ ለዪ። አንዱ በደነዘ መሮና በመዶሻ እየገፉ መስመር ማስገባት ነው፤ ብረቱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይቀነስም፣ ምልክቱም በላሜራው ጀርባ ይታያል። ሌላው መቁረጥ ነው፤ ቀጭን የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ይወጣል፣ ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በሌዘር የሚቀርጹም አሉ። እሱን አልጠላም፤ ስም ለማጻፍ ይሆናል። ግን የመስመሩ ጥልቀት ሁሉ አንድ ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ሙት ነው። በእጅ የተቆረጠ መስመር ሲጀምር ይሳሳል፣ መሐሉ ላይ ይወፍራል፣ ሲወጣ እንደገና ይሳሳል፤ ሳህኑን ዘንበል ስታደርጊው የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ገዢ ሲጠይቅሽ የትኛው እንደሆነ ንገሪው።

፪. የማታነቢውን አትቅረጪ

ብዙ የምልሽ እዚህ ላይ ነው። ከፎቶ ላይ አይተሽ የገለበጥሽው የዐረብኛ ጽሑፍ ለማያነብ ሰው ጌጥ ነው፤ ለሚያነብ ግን አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስትስት ጸሎቱ ሌላ ነገር ይሆናል። ገበያ ላይ የሚታየው «የእስላም ጥበብ» የሚባለው ሸቀጥ ግማሹ ምንም የማይል ጭረት ነው።

እዚህ አገር የሙስሊም ነገሥታት የብረት ቅርጽ ከሁሉ በፊት የፊደል ሥራ ነበር። ሐረርን እ.ኤ.አ. ከ1647 ጀምሮ የዓሊ ኢብን ዳውድ ዘር የሆኑ አሚሮች ሲገዟት የራሷ ገንዘብ ነበራት፤ መሐለቅ ይባላል። ትንሽዬ ሳንቲም ናት፣ ግን የአሚሩ ስምና የሂጅራው ዓመት በዐረብኛ ተቀርጾባታል። ሳንቲሟን የሚመታው ሰው ጽሑፉን የሚቀርጸው ሳንቲሟ ላይ አልነበረም፤ መምቻው ብረት ላይ ነው፣ ያውም ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታየው ሆኖ። ያን የመሰለ ትንሽ ቦታ ላይ ስምና ዓመት ገልብጦ መቁረጥ ማንበብ ለማይችል ሰው የሚሆን አይደለም። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 ገብተው በ1885 እስኪወጡ የአሚሮቹ አገዛዝ ተቋረጠ፤ ከዚያ የመጨረሻው አሚር ዐብዱላሂ ጨለንቆ ላይ በ1879 ዓ.ም. ተሸነፉና ከተማዋ ወደ ምኒልክ ዞረች። ምኒልክ ግን መሐለቁን ወዲያው አልተዉትም፤ በ1885 ዓ.ም. ሐረር ላይ በአማርኛ ፊደል መሐለቅ አስመትተዋል። አገዛዙ ሲለወጥ የገንዘቡ ስም እንዳለ ቀርቶ ፊደሉ ነው የተቀየረው።

ማኅተሙም እንዲሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡትና የመሰፈኑት ሰዎች ማኅተም ብዙውን ጊዜ አማርኛና ዐረብኛ አብሮ የተቀረጸበት ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ ማኅተም እንኳ ዐረብኛ አለው። ደብዳቤው ባሕር ተሻግሮ ለሚያነበው ሰው ማን እንደጻፈው በራሱ ፊደል መንገር ነበረበት። ማኅተም ቀራጭ ቢሳሳት የሚዋረደው ንጉሡ ነው።

ስለዚህ ተማሪ። ቁርኣን ቀርተሻል፣ ጥሩ፤ ግን ለመቅረጽ የሚያስፈልግሽ የእጅ ጽሕፈቱ ነው፣ የፊደሉ ቁመት በነጥብ የሚለካበት። የመስጊዳችሁን ኢማም ወይም ሐረር ላይ የድሮ ኪታብ የሚገለብጥ ሰው ጠይቂ። በወረቀት በቀለም ሳትጽፊው በመዳብ አትጽፊው።

የቁርኣን አንቀጽ ደግሞ በማንኛውም ዕቃ ላይ አይቀረጽም። የአላህ ስም ያለበት ቀለበት ሽንት ቤት ሲገባ ይወልቃል፤ አንቀጽ ያለበት የቡና ትሪስ ማን ያከብረዋል? ሕፃን ይረግጠዋል፣ አተላ ይፈስበታል። የድሮዎቹ ይህን አውቀው ነው ለቤት ዕቃ በአብዛኛው ምኞት የሚጽፉት፤ ክብር፣ በረከት፣ ደኅንነት፣ ረጅም ዕድሜ ለባለቤቱ እያሉ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ለሙሽራ ስሟንና ምርቃቱን።

የእኛ ሰው የሚያዝሽ ደግሞ በሦስት ዓይነት ፊደል ነው። የአርሲ ልጅ በቁቤ ስሙን ያጽፋል፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በዐረብኛ። ቁቤው ቀላል ነው። ዐረብኛው እጅ ለእጅ ተያይዞ ስለሚሄድ ራሱ ሐረግ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ ነው የሚታየው፤ ያንን በሐረግ መሐል አስገብቶ እንዳይበታተን ማድረግ እስከ ዛሬ በደንብ የፈታ አንጥረኛ አላየሁም። የአንቺ ትውልድ ሥራ ነው፤ የብራና ጸሐፊዎችን ሐረግ ብታጠኚ ይሻላል እላለሁ።

፫. ንጉሥ አትጠብቂ

የላክሽልኝ ዓይነት ሥራ የቤተ መንግሥት ነው፣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1320 እና በ1340 መካከል፣ በካይሮ ማምሉኮች ዘመን፣ መሐመድ ኢብን አል-ዘይን የተባለ አንጥረኛ አንድ ትልቅ የነሐስ ገንዳ ሠርቶ ብርና ወርቅ ከተተበት። ፈረሰኛው፣ አዳኙ፣ ባለሟሉ ሁሉ አለበት። ገንዳው ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ነው። ፈረንሳዮች «የቅዱስ ሉዊ ማጥመቂያ» ይሉታል፤ ቅዱስ ሉዊ የሚሉት ንጉሣቸው ግን ዕቃው ሳይሠራ በ1270 ሞቷል። ያም ሆኖ በኋላ ሉዊ 13ኛ የሆነው ልዑል በ1606 ተጠምቆበታል። ዕቃ የሚሄድበትን ሠሪው አያውቅም።

ለማምሉክ መኳንንት ይህ ሲሠራ እዚህ ምን ነበር? በዚያው ዘመን የኖረው የማምሉኮች ጸሐፊ አል-ዑመሪ የኢትዮጵያን ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ቆጥሯል፤ ባሊ፣ ደዋሮና ሻርካ ከእኛ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ያሉ ናቸው። በአንዳንዶቹ ሐኩና የሚባል የብረት ቁራጭ እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደነበር ጽፏል። ብረት የሚያውቅ እጅ ነበረ ማለት ነው። የጎደለው የሚያዝዝ ሀብታም ይመስለኛል።

አንቺ ግን ተስፋ እንዳትቆርጪ አንድ ሌላ ዕቃ ልንገርሽ። ሄራት ላይ እ.ኤ.አ. በ1163 የተሠራ፣ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታዥ ሙዚየም ያለ፣ የቦብሪንስኪ ባልዲ የሚባል አለ። መዳብና ብር የተከተተበት፣ የፊደሎቹ ጫፍ ሰው ሆኖ የሚንቀሳቀስበት። ከዚያ ዘመን ሥራ ሁሉ በላይ የሚደነቀው እሱ ነው። የተሠራው ለማን መሰለሽ? ለነጋዴ። ለአንድ የዛንጃን ነጋዴ ነው፤ ስሙ ከነማዕረጉ ባልዲው ላይ አለ። ያዘዘው ሰውም ስም አለ፣ ብረቱን ያፈሰሰው መሐመድ ኢብን ዐብዱል ዋሒድም፣ ቅርጹን የሠራው መስዑድ ኢብን አሕመድም። አፍሳሽና ቀራጭ ሁለት ሰዎች እንደሆኑ ልብ በዪ። ሁሉን ብቻዬን ልሥራ አትበዪ፤ ማፍሰሱን የሚችል ካገኘሽ ይሥራልሽ፣ ስሙንም ጻፊለት።

ያንቺም ደንበኛ ነጋዴ ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው መንገድ በደጅሽ ያልፋል። ባቱ ላይ ዓሣ የሚያወጣ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭን፣ ልጁን የሚድር ሰው ሞልቷል። ሙስሊሙ ለጥሎሽ አምባር ያስፈልገዋል። ቱሉ ጉዶ ደሴት ለንግሥ በጀልባ የሚሻገር ክርስቲያን የአንገት መስቀል ይፈልጋል። እኔ አዳማ ሳለሁ ሁለቱንም ሠርቻለሁ፤ መስቀል ስሠራ ቄሱ የሚለውን ነው የምከተለው፣ ከራሴ አልጨምርም። ቱሪስቱን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ይመጣል፣ ይሄዳል።

፬. የብርሽን ቁጥር እወቂ

«ንጹሕ ብር ነው» ከሚለው አፍ በላይ ሚዛን እመኚ። የድሮ አንጥረኛ ብሩን የሚያገኘው ከጠገራ ብር ነበር፣ ከማርያ ቴሬዛው። ኦስትሪያዊቷ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ እንኳ ዓመቱ ሳይቀየር ስንት ጊዜ እንደተመታ አላህ ይወቀው። ሰውም ዘውዷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎችና ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እያየ ነበር የሚቀበለው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ከገበያ እየወጣ ሄደ፤ ከአንጥረኛ ማቅለጫ ግን አልወጣም።

አንድ ጠገራ 28 ግራም ትመዝናለች፣ ከሺህ 833 እጅ ብር ናት። ንጹሕ ብሩ ከ23 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ቀሪው መዳብ። ይህ መጥፎ ብር አይደለም፤ ጠንካራ ነው፣ ለመቁረጥም ይመቻል። ዛሬ ግን ሁሉም ሰው ዕቃው ላይ «925» ተመትቶ ማየት ይፈልጋል። ከሺህ 925 ማለት ነው። አንድ ጠገራ ቀልጣ 925 እንድትደርስ ከ34 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ልትጨምሪባት ነው፤ ከራሷ ከጠገራዋ ክብደት የሚበልጥ! ማንም ይህን አያደርግም። ስለዚህ የጠገራ ብር ያለው ዕቃ ላይ 925 ከመታሽ ዋሽተሻል፣ ያውም በብረት ላይ፣ በማይፋቅ። «የጠገራ ብር» ብለሽ ጻፊ። የሚያውቅ ሰው የበለጠ ያከብርሻል።

ሌላው ደግሞ ብር የሚመስለው ነጭ ቅይጥ ነው፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ሆኖ ምንም ብር የሌለበት። ዓይን ያታልላል። በሞረድ ትንሽ ፍቀሽ የአሲድ ጠብታ አድርጊበት፤ አረንጓዴ ካለ ወደ መጣበት መልሺው።

፭. አሮጌ አትቅለጪ

አንዲት እናት የአያቷን አምባር ይዛ መጥታ «አቅልጠሽ አዲስ ሥሪልኝ» ትልሻለች። ከመቅለጡ በፊት ቀጭን ወረቀት አልብሰሽ በእርሳስ እሽው፤ ቅርጹ እንዳለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። መዝኚው፣ ፎቶ አንሺው፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀሽ ጻፊ። ከዚያ «ይህን ያስቀምጡት፣ ሌላ ብር አምጡ» ብለሽ ለምኛት። እምቢ ካለች ንብረቷ ነው። ወረቀቱ ግን ያንቺ ነው። ሐረርም ወሎም ላይ ስንት ሥራ በማቅለጫ እንደጠፋ አይቻለሁ፣ የቀረውን የምናውቀው በዚህ ዓይነት ነው።

፮. ጥቁሩን አትፍሪ

በዚህ አካባቢ ብር ቶሎ ይጠቁራል። ሻላ ፍል ውሃ ቀለበት አድርገሽ ከገባሽ ጠቁሮ ይወጣል፤ በአሉቶ በኩል እንፋሎቱ በሚወጣበትም እንዲሁ። ሰው «ብሩ ሐሰተኛ ነው፣ ጂን ነካው» ይላል። ድኝ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ብሩን ሲያገኘው ጥቁር ሽፋን ይሠራል፤ ብሩ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። በሶዳና በአሉሚኒየም ወረቀት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጪው ይለቃል።

ግን ሙልጭ አድርገሽ አትጠቢ። ጥቁሩ ከመስመሩ ውስጥ ሲቀርና ላይኛው ሲያበራ ነው ቅርጹ የሚነበበው። የካይሮና የደማስቆ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ብሩ ባልተከተተበት ሜዳ ላይ ጥቁር ቅጥራን መሰል ነገር ይሞሉበት ነበር።

በዚህ በጥቁር ሥራ የሚወዳደር የሌለው ግን ሕንድ ውስጥ ቢዳር የምትባል ከተማ ናት። የባህመኒ ሱልጣኖች መናገሻ ነበረች፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን። ዚንክ ትንሽ መዳብ ይቀላቀልበትና ይፈሳል፣ ይቀረጻል፣ ብር በጎድጓዱ ይከተታል፣ ከዚያ ከአሮጌው ምሽግ የሚወሰድ አፈር ከአሞንየም ክሎራይድ ጋር ተለውሶ ይቀባል። ዚንኩ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ብሩን አይነካውም! እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቢዳር ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ወደ ቀይ ባሕር ማዶ በባርነት የተሸጡ የእኛ ሰዎች በባህመኒዎች ቤተ መንግሥት ወታደርና ሹም ሆነው ገንነው ነበር፤ ከከተማዋ ውጭ ያለው መቃብራቸው ያለበት ኮረብታ እስከ ዛሬ ሐብሺ ኮት ይባላል። በኋላም ከኢትዮጵያ የተሸጠው ማሊክ ዐምበር በዚያው በደካን የአሕመድናጋርን መንግሥት በእንደራሴነት መርቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1610 የቆረቆራት ኪርኪ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ናት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ፊታቸውን የሚታጠቡት ከእንዲህ ያለ ዕቃ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንቺ በዩቲዩብ የቢዳርን ሠሪዎች እጅ ማየት ትችያለሽ፤ እኔ በዘመኔ ያላገኘሁት ትምህርት ቤት ነው።

፯. ስለ ስድቡ

አንጥረኛ በመሆንሽ «ቱምቱ» ይሉሻል። በአማራው በኩል «ጠይብ» ነው፣ ጎትተው «ቡዳ» ያደርሱታል። ሴት በመሆንሽ ደግሞ ይጨምሩበታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ ተነገረ፣ አፉ አልተዘጋም። ከአባትሽ ወገን አንዳንዶቹ ዝምድናውን በዚህ ምክንያት ሲያንገራግሩ እናትሽ ታስታውሳለች።

ክርክር ውስጥ አትግቢ። የሚሰድብሽ ሰው ማረሻው ሲሰበር፣ ልጁ ስትዳር ይመጣል። ስትቀበዪው በመደበኛው ዋጋ ሥሪለት፣ በቁጣ አታስወድጂበት። ይህን የምልሽ ገር ሁኚ ብዬ አይደለም፤ ተናዶ የቆረጠ እጅ መስመሩን ስለሚያሳብጠው ነው።

፰. ስምሽን ጻፊ

የሉቭሩን ገንዳ የሠራው መሐመድ ኢብን አል-ዘይን ስሙን ስድስት ቦታ ጽፏል፤ ሥዕሉ ውስጥ ባሉት ዕቃዎች ላይ ሳይቀር። ብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን ማንቆርቆሪያ የሠራው ሹጃዕ ኢብን መንዓ ደግሞ ስሙን፣ ከተማውን መውሲልን፣ ወሩን ረጀብን፣ ዓመቱን 629 ሂጅራን ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1232 መሆኑ ነው። የመውሲል አንጥረኞች ደማስቆና ካይሮ ተሰደው ሲሠሩም «መውሲላዊው» ብለው ይፈርሙ ነበር። የእኛዎቹ ግን አልፈረሙም። ሐረር ላይ ያሉት አምባሮች የማን እጅ እንደሆኑ የሚጠይቅ ቢመጣ መልስ የለም።

አንቺ ጻፊ። በጀርባው በኩል፣ ትንሽ አድርገሽ፣ ስምሽን፣ ባቱን፣ ዓመተ ምሕረቱን። የዘንድሮን ዕቃ «የአሚሮች ዘመን ነው» ብሎ የሚሸጥ ደላላ እንዳይኖርም ይረዳል።

፱. ሂጂና እዪ

ፎቶ አይበቃም። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቡት ሙዚየም አለ፤ መሐለቁ፣ የብር ጌጡ፣ ጎራዴው፣ ኪታቡ። አዲስ አበባ ስትሄጂ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ግቢ። ስታዪ አጉሊ መነጽር ያዢ፣ ከጠባቂው ጋር በጥሩ ተግባቢ፣ መብራቱ ከጎን በሚያርፍበት በኩል ቁሚ። የምትፈልጊው ውበቱን አይደለም። ሠሪው የት እንደጀመረ፣ መቅረጫው የት እንዳመለጠው፣ ስህተቱን በምን ቅጠል እንደሸፈነው ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ይዘሽ ተመለሺ፣ በደብተርሽ ላይ ሥለሽ። ሙዚየሙን ሁሉ በስልክሽ ቀርጸሽ የመጣሽ እንደሆነ ምንም አላየሽም።

፲. ሳንባሽና ዓይንሽ

እርሳስ ያለበት ብየዳ ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ አታድርጊ። የመዳብ ማንቆርቆሪያ ወይም ድስት ከሠራሽ ውስጡን እርሳስ በሌለው ቆርቆሮ አስለብጪ፤ ሎሚና ቲማቲም መዳቡን ፈትቶ ሆድ ይበላል። ሱቅ የምትገዢው ስታኞ ብዙው እርሳስ አለበት፣ ጥቅሉ ላይ አንብቢ። በአሲድ ስትሠሪ በሩ ይከፈት፤ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። መነጽር አድርጊ። እኔ ሳላደርግ ኖሬ አሁን ይህን ደብዳቤ የጻፈችልኝ ጎረቤታችን ናት።

፲፩. ዋጋ

ብሩን በግራም፣ እጅሽን ለብቻ አስዪ፤ ደረሰኙ ላይም ሁለቱን ለይተሽ ጻፊ። ብር ሲወደድ ደንበኛው የሚጨቃጨቀው በብሩ ነው፣ እጅሽን አብሮ እንዳያወርደው። ቁራጩና ፍቅፋቂው የማን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ ብሩን ያመጣው ደንበኛው ከሆነ ፍቅፋቂው የእሱ ነው፣ በወረቀት ጠቅልለሽ ትመልሺለታለሽ። ቀብድ ግማሹን ተቀበዪ። ያለ ቀብድ ለዘመድም አይሠራም፤ እናትሽ ለዒድ ያዘዘችሽን አምባር ጨምሮ ነው። በነፃ ልትሠሪላት እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ።